አልለብስ ያለው ቅጠልና የጋሽ ታደለ ዓይን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የማያመልጠኝ ጥያቄ አለ። «የሺ፣ ለመሆኑ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ነበር የምትሠሪው?» ሥራ ላይ ሳለሁ ማንም አልጠየቀኝም። ሲያትል ውስጥ ሰው ሁሉ ከአንዱ ፈረቃ ወደ ሌላው እየሮጠ ማን ማንን ይጠይቃል? አሁን ጊዜ የተረፈኝ ስለመሰላቸው ነው። እኔም «ከእርሳስ ላይ ቅጠል እየላጥኩ ሃይድሮጂን አለብሰው ነበር» ብዬ እመልሳለሁ። ይስቃሉ። አንዷማ «አንቺ መቼም ጨዋታ አታጪም» ብላ ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ሄደች። ቀልድ አልነበረም። እንጀራዬን የበላሁት በዚሁ ነው፤ ጋሽ ታደለን ያገኘሁትም በዚሁ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ይለይልኝ አልኩ።

አገር ቤት እያለሁ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርኩ። ፈሳሹን ዘይት ሃይድሮጂን እያበላን የሚረጋ ዘይት እናደርገው ነበር። ሃይድሮጂኑ ሲያንሰው ይፈስሳል፣ ሲበዛበት ድንጋይ ይሆናል፤ ጥበቡ የት ላይ ማቆም እንዳለብን ማወቅ ነው። ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና ልጄን ይዤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ግድም ሲያትል ገባሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ኤርፖርቱ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ መቀበል ነበር። እዚያው አቅራቢያ ዴ ሞይን የሚባል ሰፈር የተከራየሁት ቤት ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቼ ይንጫጩ ስለነበር ልጄ «ማሚ፣ ዘይ ኣር ሲንጊንግ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ዝማሬያቸው አልተሰማኝም፤ ላቦራቶሪዬ ነበር የሚናፍቀኝ።

አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ዩኒቨርሲቲው የላቦራቶሪ ብርጭቆ አጣቢ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ደሞዙ ከፓርኪንጉ እምብዛም አይሻልም፤ ሽታው ግን የኔ ሽታ ነበር። ሄድኩ። የሚያነጋግረኝ ፈረንጅ ነው ብዬ እንግሊዝኛዬን ስለማመድ አድሬ በሩን ስከፍት፣ ነጭ ጋውን ከክራባት ጋር የለበሱ፣ ቀጭን፣ ረጅም አበሻ ተቀምጠዋል። የላቦራቶሪው ዋና ቴክኒሻን ጋሽ ታደለ ነበሩ።

«አገር ቤት ምን ትሠሪ ነበር?» አሉኝ።

«ዘይት አረጋ ነበር።»

«በሃይድሮጂን?»

«አዎ ጋሼ፣ ኒኬል ጨምረን።»

«ሙሉ በሙሉ ነው የምታረጉት ወይስ በከፊል?»

«በከፊል ነው እንጂ! ሙሉ ካረጉትማ ሰው ምን ሊበላ ነው?»

ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ ይጨፈን ነበር። ያን ጊዜ ስለ ግራፊን የሚያወራ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም፤ ጥያቄውን የጠየቁኝ ለጨዋታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አለቃችን ፕሮፌሰር ሱዛን ሁላችንንም ሰብስባ ከዛሬ ጀምሮ የምንሠራው በግራፊን ላይ ነው፣ ሃይድሮጂን በከፊል ስናስይዘው ምን እንደሚሆን እናያለን ስትል፣ ጋሽ ታደለ ዞረው አዩኝና «የዘይቷ እመቤት፣ ቀንሽ ደረሰ» አሉኝ። ከብርጭቆ ማጠቢያው አውጥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ግራፊን ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔም እንደነገሩኝ ልንገራችሁ። እርሳስ ወረቀት ላይ የሚተወው ጥቁር ነገር ግራፋይት ይባላል፤ እልፍ ቅጠል ተነባብሮ ነው። ከዚያ ክምር አንዷን ብቻ ለይቶ ማውጣት ከተቻለ እሷ ግራፊን ናት። ውፍረቷ አንድ አቶም ብቻ ነው። አቶሞቿም እንደ ማር ሰፈፍ ስድስት ማዕዘን እየሠሩ ተያይዘዋል።

«እያንዳንዱ አቶም አራት እጅ አለው በይ» አሉኝ። «በሦስቱ ጎረቤቶቹን ይዟል። አራተኛው ነጻ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚያ በነጻው እጅ ቅብብል ነው። ሃይድሮጂን ሲመጣ አቶሙ በነጻ እጁ ይይዘዋል። ሲይዘው ደግሞ ከሰልፉ ትንሽ ብድግ ይላል። ሶ፣ ቅጠሏ ጠፍጣፋ መሆኗ ይቀርና ትሸበሸባለች፤ ኤሌክትሪኩም መንገድ ያጣል።»

«ሁሉም ሃይድሮጂን ቢይዙስ?»

«ጭራሽ አታሳልፍም። ሱዛን የምትፈልገው በመሐል ያለውን ነው። ጥቂቱ ይልበስ፣ ጥቂቱ ይቅር። ያን ጊዜ ነው ለኤሌክትሮኒክስ የምትመች፣ ስናዛት የምታሳልፍ፣ ስንከለክላት የምታቆም።»

«እንደ ዘይቱ በሉኛ!»

«እንደ ዘይቱ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በኛ ቋንቋ ግራፊን ቅጠል ሆነች፣ ሃይድሮጂን ማስያዝም ማልበስ ተባለ። ሱዛን ሳትቀር «ለበሰች?» የሚለውን ቃል ለመደችው፤ ስትጠራው «ለበሺች» ይመስል ነበር።

የጋሽ ታደለ አሠራር እስካሁን ከጣቶቼ አልወጣም። ሁላችንም ሥራ ስንጨርስ እጃችንን እንታጠባለን፤ እሳቸው ከመጀመራቸው በፊት ነበር የሚታጠቡት፤ ቀዶ ሕክምና እንደሚገባ ሐኪም እስከ ክርናቸው። ትንሽ የግራፋይት ስባሪ ፕላስተር ላይ ያስቀምጣሉ፤ ያጥፉታል፣ ይከፍቱታል፣ ደግመው ያጥፉታል። በእያንዳንዱ መክፈት ክምሩ ለሁለት ይላጣል፣ ይሳሳል። ብዙ ከሳሳ በኋላ ፕላስተሩን ጥፍር በምታህል የሲሊከን ቁራጭ ላይ ይጫኑትና ከሕፃን ቁስል ላይ ፋሻ እንደሚያነሳ ሰው ቀስ ብለው ያነሱታል። እያነሱ አይተነፍሱም። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ትንፋሼን እይዝ ነበር፤ ሳላውቀው።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። ሲሊከኑ ላይ የተጣበቀው ብዙው ውዳቂ ነው፤ ወፍራም፣ ድርብ፣ ስባሪ። ነጠላዋን ቅጠል በማይክሮስኮፕ ፈልጎ ማግኘት የዓይን ጉዳይ ነው። የሲሊከኑ ወለል ሐምራዊ ነው፤ ነጠላዋ ቅጠል ያረፈችበት ቦታ ከዙሪያው በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ ይጠቁራል። ድርቧ ደግሞ ከዚያች ትንሽ ብቻ ትጠቁራለች። ልዩነቱ ይኼው ነው። ጋሽ ታደለ ያችን ልዩነት ከበር ላይ ሆነው ያዩ ነበር ብል ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ከማይክሮስኮፑ ሲነሱ፣ ለሻይም ቢሆን፣ መብራቱን ወደ ዝቅተኛው ሳያወርዱ አይነሱም። «ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ዓይኑን እንዳይወጋው» ይላሉ። ቀጥሎ የምቀመጠው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

ማልበሱ የኔ ድርሻ ነበር። ቅጠሏን ከነሲሊከኗ መስታወት ቱቦ ውስጥ አስገብቼ አየሩን መጥጬ አወጣለሁ፤ በምትኩ ጥቂት ሃይድሮጂን እለቅና ኤሌክትሪክ እሰጠዋለሁ። ቱቦው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ብርሃን ይሞላል፤ ያ ሲበራ ሃይድሮጂኑ ለሁለት ተሰንጥቆ ለመያዝ ዝግጁ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ከቆየ ቅጠሏን ይበሳሳታል፤ ካነሰ አትለብስም። ከዚያ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደምታሳልፍ እንለካለን። ከመልበሷ በፊት ታሳልፍ ከነበረው የቀነሰው መጠን፣ የለበሰችው ልብስ መጠን ነው። በመጨረሻ ምድጃ ውስጥ ስናግላት ሃይድሮጂኑ ይለቃታል፤ ልብሷን ታወልቃለች። መልሳ ታስተላልፋለች፤ እንደ መጀመሪያው ግን አይደለም፤ ትንሽ ጠባሳ ይቀርባታል። ጋሽ ታደለ ሚስታቸውን ከቀበሩ በኋላ ወደ ሥራ በተመለሱ ሰሞን ያንን ልኬት እያዩ «ምንም አይደል፣ ትሠራለች እኮ» ሲሉ ሰምቼ ፊቴን አዙሬያለሁ።

ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት፣ ከሲያትል ወጣ ብሎ ፌደራል ዌይ በሚባል ከተማ፣ አፓርታማ ውስጥ። አንድ ልጃቸው ሩቅ ስቴት ነው። ምሳ ሰዓት ሲደውሉለት በአማርኛ ይጠይቁታል፣ በእንግሊዝኛ ይመልስላቸዋል፣ ሁለቱም ደኅና መሆናቸውን ተማምነው ይዘጋሉ።

አሁን ወደ ክፉው ጊዜ ልምጣ። አንድ የጸደይ ወራት፣ ግቢው ውስጥ ያሉት የቼሪ ዛፎች አብበው ተማሪው ሁሉ ፎቶ ሲነሳ፣ የኛ ቅጠሎች አልለብስ አሉ። ያው ቱቦ፣ ያው ሃይድሮጂን፣ ያው ብርሃን፤ ቅጠሏን አውጥተን ስንለካት ኤሌክትሪኩን እንደ ልቧ ታሳልፋለች። ጥፋቱ ከኔ መሣሪያ ነው ብዬ ቱቦውን ፈታሁት። አየር እንዳያስገባ የሚያሽገውን ጎማ ቀየርኩ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ቀየርኩ፣ ፓምፑን አስጠገንኩ። ቅጠሎቹ ትንሽ ይነካካሉ እንጂ አይለብሱም።

ሱዛን ግን ሌላ ነገር ታያት። አንድ ቀን ዓይኗ እያበራ መጣች። «ምናልባት ችግር አይደለም» አለች። «ምናልባት ቅጠሏ ራሷ ነች በቃኝ የምትለው! ጥቂት ከለበሰች በኋላ ሌላ አትቀበል ይሆናል።» እውነት ቢሆን ትልቅ ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚለፋበትን ማቆሚያ ቅጠሏ ራሷ አወቀችው ማለት ነው። ጻፈችው፣ ስብሰባ ላይ ተናገረችው። ኬክ ተቆረሰ። ጋሽ ታደለ ክራባታቸው ላይ ክሬም ፈስሶባቸው በናፕኪን እየጠረጉ ሲስቁ ትዝ ይለኛል።

ራማን የሚባል መሣሪያ አለ፤ በብርሃን ጨረር ቅጠሏን አይቶ ነጠላ ትሁን ድርብ አረጋግጦ የሚናገር። ያኔ ሌላ ሕንጻ ውስጥ ነበር፤ ወረፋው ደግሞ አይጣል ነው። ስለዚህ ምርጫውን ለጋሽ ታደለ ዓይን ትተን ነበር የምንሠራው፤ ተሳስቶም አያውቅ። ከኬኩ በኋላ ተራችን ደረሰና ቅጠሎቹን ይዤ ሄድኩ። ነጠላ ቅጠል ስክሪኑ ላይ ቀጭን፣ ሸንቃጣ መስመር ታወጣለች። የመጀመሪያዋ ትከሻዋ ሰፊ ሆኖ ወጣ። ድርብ። ሁለተኛዋም ድርብ። መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ድሮ የለበሰችውን አሮጌዋን አስገባሁ፤ ሸንቃጣ ሆና ወጣች። የቀሩት በሙሉ ድርብ ነበሩ።

ድርብ ቅጠል እርስ በርሱ ይደጋገፋል፤ በቀላሉ አይሸበሸብም፤ ስለዚህ ሃይድሮጂን እንደ ነጠላው አይይዝም። ቅጠሏ በቃኝ አላለችም። መጀመሪያውኑ የተመረጠችው ነጠላዋ ቅጠል አልነበረችም።

ለሱዛን ስነግራት አልጮኸችም። ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከዚያ ጽሑፉን መልሳ ወሰደች። የሰማት ሰው ሁሉ ጋ እየደወለች «ተሳስተን ነው» ስትል በግድግዳው በኩል እንሰማት ነበር። አንድ ዓመት የሚጠጋ ልፋት ውሃ በላው። ሳምንት ቆይታ እኔንና ጋሽ ታደለን ጠራችን፤ በቀለም የምትመርጥ ካሜራ ከነኮምፒውተሯ እንዳዘዘች፣ ካሜራዋ ስትደርስ ማይክሮስኮፑን እንደምትረከብ፣ ታደለ ደግሞ የዕቃ ክፍሉን ቢይዝ እንደሚሻል፣ እያቀረቀረች ነገረችን።

«ኦኬ» አሉ ጋሽ ታደለ። ወጥተው ማይክሮስኮፑን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ። አጠገባቸው ስቆም «ሲሊከኑ ነው» አሉኝ። «የድሮው ሐምራዊ አይደለም፤ የሚልኩልን ቡኒ ሆኗል። ለካምፓኒው ስንቴ ኮል አደረግሁላቸው፤ ያው ነው ይሉኛል።»

ሲሊከኑን አየሁት። ሐምራዊ ነው፤ እንደ ጥንቱ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር ተሰካክቶ የታየኝ። አንድ ጥቁርና አንድ ሰማያዊ ካልሲ አድርገው የመጡበት ቀን፣ የቱቦውን ብርሃን «ቢጫ አልመሰለሽም ዛሬ?» ያሉኝ ቀን፣ የሲያትል ሰማይ ቆሽሿል የሚሉት። ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ነበር። የዓይን ሞራ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ የሚሰርቀውም ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ነው። የሰው ሁሉ ዓይን ይሳሳታል፤ የእሳቸው ግን መተዳደሪያቸው በዚያች ቀለም ላይ ሆነ።

ካሜራዋ እስክትደርስ ጥቂት ወራት ነበረን። የዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ቦታቸው ይተርፋል፤ ካልተገፈፈ ያ ሰው ክራባቱን አስሮ ካርቶን ሲቆጥር ሊውል ነው። ግን አንዲት ሴት አባቷን ለሚያህል ሰው «አያዩም» ብላ እንዴት ትናገራለች? ሞከርኩ። ምሳ ላይ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር፣ «ጋሼ፣ ዓይንዎን ታይተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ዓይኔ ደኅና ነው፣ የሺ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን መኪናቸው ውስጥ መብላት ጀመሩ። ተናደድኩም፣ አለቀስኩም። ልጄ «ማሚ፣ ጀስት ቴል ሂም» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ በአገሩ ልክ ነው ያሰበችው። እኔ ግን በኛ ልክ አሰብኩና ጋሽ መኮንን ጋ ሄድኩ። ጋሽ መኮንን የእድራችን ሰብሳቢ፣ የጋሽ ታደለ እኩያ፣ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው።

«ሽማግሌ ይላክልኝ» አልኳቸው።

«ምነው፣ ከማን ተጣላሽ?»

ነገርኳቸው። «እኔ ሽማግሌ የሆንኩት ለጋብቻና ለጠብ ነው» አሉ። «ለዓይን ሄጄ አላውቅም። ግን ምን ይከለክላል?»

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሆነው፣ ኮትና ነጠላቸውን ለብሰው ፌደራል ዌይ ሄዱ። እኔ ድስት ይዤ ከኋላ ነበርኩ፤ ሴት ነኝና ሽማግሌ ባልሆንም ያለ ምግብ አልልካቸውም። ጋሽ ታደለ በሩን ከፍተው ሲያዩን ደነገጡ። ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ የሽምግልና ደንብ ነውና ግን አልተቀመጡም፤ ግድግዳውን ተደግፈው በተርታ ቆሙ።

«ምነው? ቁጭ በሉ እንጂ!»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ መኮንን። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው። ሳይፈቅዱልን አንቀመጥም።» ለወትሮው አንተ የሚባባሉ ጓደኛሞች ናቸው፤ ያን ቀን ግን አንቱ ሆኑ።

ጋሽ ታደለ ግራ ገብቷቸው ሁላችንንም አዩን። «መኮንን፣ አብደሃል? እኔ ሴት ልጅ የለኝም! ለማን ነው የምትጠይቁኝ?»

«ልጅ አይደለም የምንጠይቅዎት። ዓይንዎን ነው። ዓይንዎን ይስጡን፤ አሳክመን እንመልስልዎታለን።»

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። መጀመሪያ ሳቅ መጣ፣ ከዚያ ቁጣ፣ ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ፤ ድስቴን አጥብቄ ያዝኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እሳቸውም ሳይቀሩ ቆመዋል።

ጋሽ ታደለ ራሳቸው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «እኔ ያላወቅሁ መሰላችሁ?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ካሜራዋ ታዘዘች ከተባለ ማግስት ታይቻለሁ። ሞራ ነው፣ እናወጣዋለን አሉኝ። አፖይንትመንትም ይዤ ነበር። ካንስል አደረግሁት።»

«ምነው? ፈርተው ነው?»

«ምን ያስፈራኛል! ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ከክሊኒኩ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። መንዳት አይቻልም፤ ማነው ወደ ቤት የሚወስድህ አለችኝ። ስምና ስልክ ትፈልጋለች። ለሳምንታትም ጠብታ የሚያደርግልህ ሰው አለ ወይ አለች። አሰብኩ። ልጄ ሩቅ ነው፣ ሥራ አለው። አንተ መኮንን ሌሊትና ቀን ትነዳለህ። የሺ ልጅ አላት። ማንን ላስቸግር? ስም አጣሁ። ሶ፣ መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።»

እኔ እስከዚያ ድረስ የሰጋሁት ለቦታቸው ነበር። ያን ስሰማ ግን ሌላ ነገር አመመኝ። ዓመታት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣ ትንፋሽ እኩል ይዘን፣ እኩል ለቀን፣ የሚጠሩት ስም ሲያጡ የኔ ስም ላስቸግር ከማይባሉት ዝርዝር ውስጥ ነበር። «ጋሼ፣» አልኩ፤ ሽማግሌ መሐል መናገር ነውር መሆኑንም ረሳሁት፤ «ለኔ ዓይን ብለው መብራት ሲያወርዱ ኖረው፣ እኔን ለእርስዎ ዓይን አንድ ቀን መንዳት ነፈጉኝ?» አለቀስኩ። ድስቱን የሚቀበለኝ ስላልነበረ ታቅፌው ነው ያለቀስኩት።

ጋሽ ታደለም ዓይናቸውን ጠረጉ። «በሉ ተቀመጡ» አሉ። «ፈቅጃለሁ። ያ ጉልበቱን የሚያመው ሊወድቅብኝ ነው።»

ተቀመጡ። ያመጣሁት ምስር ቀዝቅዞ ነበር፤ ማንም አላማረረም።

ዓይናቸው አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ቆይቶ ተገፈፈ። ሁለቱንም ጊዜ የነዳሁት እኔ ነኝ። ማለዳ ከዴ ሞይን ወጥቼ ፌደራል ዌይ ጠብታውን አደርግላቸውና ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ የቀኑን ጋሽ መኮንን በመንገደኛ መሐል እየዞሩ፣ የማታውን እኔ። ጠብታ ሲደረግላቸው ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር፤ ልክ ፕላስተር ሲያነሱ እንደሚያደርጉት። «ስንቱን ልጬ ልጬ በመጨረሻ እኔንም ላጡኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ሥራ የተመለሱ ቀን በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ላቦራቶሪው ስለሚበርድ ዓመት እስከ ዓመት የማላወልቃት አሮጌ ሹራብ አለችኝ። «ይቺ ሹራብ ሐምራዊ ናት እንዴ?» አሉ። «ጥቁር መስላኝ ሀዘን ላይ ነሽ ወይ ብዬ እንዳልጠይቅሽ ስሳቀቅ ነበር እኮ!» ከዚያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጡ። ብዙ ቆዩ። ፈርቼ መጠየቅ አቃተኝ። በመጨረሻ ቀና ሳይሉ «ወይ ጉድ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለካ እዚሁ ነበርሽ።» ለቅጠሏ ነው ያሉት።

የመረጧቸውን ራማን ጋ ወሰድኳቸው። ሸንቃጣ፣ ሁሉም። ቱቦው ውስጥ አስገባኋቸው፤ ለበሱ። የለበሱበትን ጊዜ ትንሽ በትንሽ እየጨመርን ስንለካ ልብሱ በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪኩ እየቀነሰ ሄደ፤ በቃኝ የምትል ቅጠል የለችም፤ ማቆሚያውን ማወቅ ያለብን እኛው ነን። ሱዛን ይህንኑ ጻፈች። እንደ መጀመሪያው ወሬ አልነበረም፤ ግን እውነት ነበር፣ ኬክም ቆረሰች። ካሜራዋ ስትደርስ አልተመለሰችም። የትኛው ጥላ ነጠላ እንደሆነ፣ የትኛው ድርብ፣ ጋሽ ታደለ በአንድ በአንድ እያሳዩ አስተማሯት፤ ሱዛን ራሷ ናት የጠየቀቻቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከዚያ ወንበሩ የኔ ሆነ፤ ስነሳ መብራቱን አወርዳለሁ፤ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ባይኖርም።

ባለፈው ክረምት፣ የጡረታ ወረቀቴ ቀለም ሳይደርቅ፣ የኔም ተራ መጣ። ሞራ። ክሊኒኩ ደወለልኝ። «ማነው ወደ ቤት የሚወስድሽ?» አለችኝ ልጅቷ። ልጄ የምትኖረው ከሲያትል በስተሰሜን ሊንውድ ነው፤ ብደውልላት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። እኔ ግን የጋሽ ታደለን ስምና ስልክ ሰጠኋት።

«ምንሽ ናቸው?»

«አለቃዬ» አልኩ።

አሁን መኪና መንዳት ትተዋል። በታክሲ መጡ፣ ክራባት አስረው፣ ሰዓቱ ሳይደርስ። ነርሷ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ ማን ማንን ነው የሚወስደው ብላ ሳቀች። ክንዴን አጥብቀው ያዙኝና ሄድን። ቤት አስገብተው አስተኙኝ፤ የጠብታውን ወረቀት ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠብታውን አደረጉልኝ። ጠብታዋ ዓይኔ ውስጥ አረፈች።

«አስቸገርኩዎት፣ ጋሼ።»

«ዝም በይ አንቺ» አሉኝ።

ሻይ ሊያፈሉ ተነሱ። በተሸፈነው ዓይኔ አላየኋቸውም፤ በሌላው ግን፣ በደበዘዘው፣ አየሁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ተመለሱ፣ የራስጌዬን መብራት ወደ ዝቅተኛው አወረዱልኝና ወጡ።